ቲዩን በተደረገ ተርቦ መኪና ላይ ካንዴላ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይቀየራል?

አዲስ ካንዴላ ገባ፤ መኪናው ግን ነዳጅ ሙሉ ሲረገጥ መቆራረጡን አልተወም። አንዳንዴ እንዲያውም ይብስበታል። ይሄ ነገር ቲዩን ያስደረጉ፣ ማለትም ሞተሩን ለተጨማሪ ጉልበት ያስተካከሉ ሰዎች ላይ ደጋግሞ ይደርሳል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ውድ የተባለው ካንዴላ ይገዛል፣ ብልጭታው የሚዘልበት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሳይለካ ከካርቶኑ ወጥቶ ቀጥታ ይገባል፣ በጉልበት ይጠብቃል፣ አለቀ። ካንዴላው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱ ግን የተዘጋጀው ለሌላ ሞተር ነው።

ስለዚህ ሥራው መቀየር ብቻ አይደለም። የሙቀት ደረጃውን መምረጥ፣ ክፍተቱን ራስ መለካትና በልኩ ማጥበቅ ነው። ከሦስቱ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ክፍተቱ ላይ ስለሆነ እሱ ጋ ረዘም እንላለን።

1. ከመግዛታችሁ በፊት መኪናውን እወቁ

መጀመሪያ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን የካንዴላ ቁጥር ፈልጉ። የመኪናው ማኑዋል ላይ አለ፤ የካንዴላ አምራቾቹ ዝርዝር ላይም በሞተር ዓይነት ይገኛል። አሁን መኪናው ውስጥ ያለውን ካንዴላ አይታችሁ ብቻ ያንኑ አትግዙ። ከእናንተ በፊት የነካው ሰው የተሳሳተ አስገብቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ እነዚህን ጻፉ፦ ቲዩኑ ስንት ቡስት (ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት) እንደሚሰጥ፣ የፈረስ ጉልበቱ ከፋብሪካው በስንት እንደጨመረ፣ ምን ዓይነት ነዳጅ እንደምትሞሉ፣ ኮይሎቹ (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጡት) የፋብሪካ ናቸው ወይስ የተጠናከሩ። ቲዩን ያደረገላችሁን ሰው የትኛውን ካንዴላና ስንት ክፍተት ይዞ እንደሠራ ጠይቁት። እሱ በ0.6 ሚሊ ሜትር የሠራውን መኪና እናንተ በ1.1 ካስነሳችሁት ቀሪውን ምርመራ ሁሉ ከንቱ ታደርጉታላችሁ።

መኪናው ገና ቲዩን ሊደረግ ከሆነ ካንዴላው ከቲዩኑ በፊት ይቀየር። ባረጀ ካንዴላ ቲዩን ማስደረግ ብክነት ነው፤ ሞተሩ ሚስ ሲያደርግ፣ ማለትም ድብልቁ ሳይቀጣጠል ሲቀር፣ ኮምፒውተሩ የሚያነበው የኦክስጅን መጠን ስለሚዛባ የነዳጅ ልኩም አብሮ ይዛባል።

2. ካንዴላውን ምረጡ

*ልኩ አይነካም*

የጥርሱ ውፍረት፣ የጥርሱ ርዝመት፣ የቁልፉ መጠንና የመቀመጫው ዓይነት ከፋብሪካው ጋር አንድ መሆን አለበት። ማሻሻያ የሚባል ነገር እዚህ ጋ የለም። ጥርሱ ከረዘመ ፒስተን ወይም ቫልቭ ሊመታ ይችላል። ካጠረ ደግሞ ብልጭታው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፣ የቴስታታው (ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ) ባዶ ጥርስ በካርቦን ይሞላል፤ በኋላ ትክክለኛውን ስታስገቡ አልሄድ ይላችኋል።

ቁጥሩን ማንበብ ልመዱ። ለምሳሌ ኤንጂኬ የተባለው አምራች "ቢኬአር7ኢ-11" (BKR7E-11) ሲተነተን፦ "ቢ" 14 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነው፣ "ኬ" 16 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ያመለክታል፣ "አር" ውስጡ ሬዚስተር አለው ማለት ነው፣ 7 የሙቀት ደረጃው ነው፣ "ኢ" 19 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርዝመት ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው 11 ደግሞ 1.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ነው። ያቺ የመጨረሻዋ 11 ናት ብዙ ሰው የሚዘላት። ቡስት ለጨመረ ሞተር 1.1 በጣም ሰፊ ነው።

"አር" የሌለበትን አትግዙ። ሬዚስተር የሌለው ካንዴላ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ኮምፒውተሩንና ሴንሰሮቹን ሊያውክ ይችላል።

*የሙቀት ደረጃ*

"ቀዝቃዛ" ካንዴላ ማለት ሙቀትን ከጫፉ ወደ ቴስታታው ቶሎ የሚያስተላልፍ ነው። "ሙቅ" የሚባለው ሙቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ብልጭታው ላይ ለውጥ የለውም፤ ቀዝቃዛ ካንዴላ በራሱ ጉልበት አይጨምርም። ሥራው ጫፉ እንዳይግል ማድረግ ነው። ጫፉ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ ካርቦኑን አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት ያቅተዋል። ከ800 በላይ ሲዘልቅ ደግሞ የጋለው ጫፍ ብልጭታው ሳይመጣ ድብልቁን ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ይሄ ፒስተን የሚያቀልጥ ነገር ነው።

ስንት ደረጃ ቀዝቃዛ ልውሰድ? ኤንጂኬ የሚሰጠው አጠቃላይ መነሻ ለእያንዳንዱ ከ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት ጭማሪ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ የሚል ነው። በተግባር፦ የፋብሪካው ተርቦ ላይ ቀላል የሶፍትዌር ቲዩን ብቻ ከሆነ የፋብሪካው ደረጃ ወይም አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ይበቃል። ኢንተርኩለር (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ)፣ የጭስ ማውጫና ከፍ ያለ ቡስት ከተጨመረ አንድ ደረጃ። ትልቅ ተርቦ ከገባ ሁለት ደረጃ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እሱን ግን ቲዩን የሚያደርገው ሰው ይወስን። "ቀዝቃዛ ይሻላል" ብላችሁ ዝም ብላችሁ ሦስት ደረጃ ቀዝቃዛ ብትወስዱ፣ በከተማ ትራፊክ የሚንፏቀቅ መኪና ካንዴላው በጥላሸት ይደፈናል፣ ጠዋት ለመነሳት ይቸገራል።

ወጥመዱ ቁጥሩ ላይ ነው። ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል። ቦሽና ቻምፒዮን ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚቀዘቅዘው። የኤንጂኬ 6 ከዴንሶ 20 ጋር፣ 7 ከ22 ጋር፣ 8 ከ24 ጋር ይቀራረባል። ከአንድ አምራች ወደ ሌላ ስትሻገሩ ቁጥሩን በግምት አትውሰዱ፤ የአምራቹን ማነጻጸሪያ እዩ።

*መዳብ ወይስ ኢሪዲየም?*

"መዳብ" የምንለው እምብርቱ መዳብ ሆኖ ጫፉ ኒኬል የሆነውን ነው። ርካሽ ነው፣ ክፍተቱን ማስተካከል ቀላል ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ኢሪዲየም ጫፉ ቀጭን ነው። የኤንጂኬው አይኤክስ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዴንሶው አንዳንዱ 0.4 ብቻ። ቀጭን ጫፍ ብልጭታ ለመፍጠር ያነሰ ቮልቴጅ ይበቃዋል፤ ለቡስት ይሄ እውነተኛ ጥቅም ነው። ዕድሜውም ይረዝማል። ችግሩ ያ ቀጭን ጫፍ በቀላሉ መሰበሩ ነው።

የኔ ምክር፦ ክፍተቱ ስንት እንደሚስማማችሁ እስካላወቃችሁ ድረስ በመዳብ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ እያወጣችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ቢበላሽም አያንገበግብም። ልኩ ሲታወቅ ወደ ኢሪዲየም እለፉ። ለውድድር ብቻ የተሠሩትን፣ ጫፋቸው ወደ ውስጥ የገባውን ግን ለየቀን መኪና ተዉት። በሚኒሞ በጥላሸት ይሞላሉ።

*ማስመሰያ ተጠንቀቁ*

የታወቁት ምልክቶች ሁሉ አስመስሎ ይሠራባቸዋል። ጥርሱ ሸካራ ከሆነ፣ መካከለኛው ጫፍ ከመሃል ከተዛነፈ፣ ሮንዴላው በእጅ ሲነካ ወልቆ የሚወድቅ ከሆነ፣ ነጩ ሸክላ ላይ ያለው ጽሑፍ በጣት ሲታሽ ከለቀቀ መልሱት። መልቲሜትር ካላችሁ ከላይኛው ጫፍ እስከ መካከለኛው ኤሌክትሮድ ለኩ። ሬዚስተር ያለው ካንዴላ ብዙውን ጊዜ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። አራቱም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ርቆ ከሄደ አትጠቀሙበት።

3. ክፍተቱን አስተካክሉ

ለምን ይጠብባል? ቡስት ሲጨምር ብልጭታው በሚፈነጥቅበት ቅጽበት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል። በታመቀ አየር ውስጥ ኤሌክትሪክ ለመዝለል ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ የሚፈለገው ቮልቴጅ ኮይሉ ከሚችለው ያልፋል። ያኔ ብልጭታው ይጠፋል ወይም በሸክላው ጎን አልፎ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። መኪናው በሚኒሞ ሰላም ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ሲነዳም ሰላም ሆኖ፣ ቡስቱ ጫፍ ሲደርስ ብቻ የሚቆራረጠው በዚህ ነው።

ታዲያ ዝም ብሎ ማጥበብ መፍትሔ አይደለም። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ሲጠብ የሚፈጠረው የእሳት ፍሬ ትንሽ ይሆናል፣ ሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሳት ይለግማል። የምንፈልገው በሙሉ ቡስት የማይቆራረጥበትን ሰፊውን ልክ ነው።

መነሻ ልኮች፣ በፋብሪካ ኮይል፦

እስከ 1 ባር ቡስት፦ ከ0.70 እስከ 0.75 ሚሊ ሜትር።
ከ1 እስከ 1.5 ባር፦ ከ0.60 እስከ 0.70።
ከዚያ በላይ፦ ከ0.50 እስከ 0.60።

እነዚህ መነሻ ብቻ ናቸው። ጠንካራ ኮይል ያለው መኪና በ1.5 ባርም 0.75 ሊሸከም ይችላል፤ ኮይሉ የደከመ ደግሞ በ0.60ም ሊያቅተው ይችላል። ቲዩን ያደረገላችሁ ሰው ልክ ከሰጣችሁ የሱ ይቅደም።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ሁሉንም ለኩ። ከአንድ ካርቶን የወጡት እንኳ ይለያያሉ። መለኪያው ቀጭን የሽቦ ወይም የቅጠል መለኪያ ይሁን። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነውን፣ ዳሩ እየወፈረ የሚሄደውን መለኪያ ኢሪዲየም ላይ አትጠቀሙ። ሰዎች እሱን እያሽከረከሩ በመካከለኛው ጫፍ ላይ ይደገፋሉ፤ ጫፉ ወይ ይጣመማል ወይ ይሰበራል።

ለማጥበብ የጎኑን ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እንደ መንጠቆ የታጠፈውን፣ በጠንካራ ንጹሕ ነገር ላይ በጣም በቀስታ ነካ ነካ አድርጉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ፣ ከዚያ ለካ። ከጠበበባችሁ በማጠፊያ መሣሪያ ወይም በቀጭን አፍ ፒንሳ የጎኑን ብቻ ይዛችሁ ከፍ አድርጉት። ካቻቢቴ በሁለቱ መካከል ሰክታችሁ ፈጽሞ አትፈልቅቁ።

ኢሪዲየም ላይ ከካርቶኑ ልክ በ0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው መንቀሳቀስ ያለባችሁ። ከ1.1 ወደ 0.6 ልታወርዱ ከሆነ የጎኑ ኤሌክትሮድ ይዛነፋል፣ ትይዩነቱም ይጠፋል። ከመጀመሪያው ክፍተቱ ለ0.8 የተዘጋጀውን ዓይነት ግዙ።

ስትጨርሱ ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት የተያዩ፣ ትይዩና መሃል ለመሃል መሆናቸውን እዩ። በሁሉም መካከል ያለው ልዩነት ከ0.05 አይለፍ። መሬት ላይ የወደቀ ካንዴላ አይገባም፤ ሸክላው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል።

4. ዕቃና ቦታ አዘጋጁ

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። አደራ፣ ይሄን አትዝለሉት። የአሉሚኒየም ቴስታታ ሲግል ጥርሱ ይለሰልሳል፤ በጋለ ሞተር ካንዴላ ስትፈቱ ጥርሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ማታ አቁማችሁ ጠዋት መሥራት ከሁሉም ይሻላል።

የሚያስፈልጉት፦ የካንዴላ ሶኬት፣ ብዙ ጊዜ 16 ሚሊ ሜትር፣ በቆዩ አንዳንድ ሞተሮች 21፣ በአንዳንድ አዳዲስ የቢኤምደብልዩ ሞተሮች ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ባለ 12 ማዕዘንና ቀጭን ግድግዳ ያለው። ሶኬቱ ውስጥ ካንዴላውን የሚይዝ ጎማ ቢኖረው ጥሩ ነው። ማራዘሚያ ዘንግ፣ ቶርክ ሬንች፣ የኮምፕሬሰር አየር፣ የእጅ ባትሪ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የካንዴላውን ሸክላ ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ የጎማ ቱቦ፣ ዳይኤሌክትሪክ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ) ግሪስ እና የሲሊንደር ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን።

5. አሮጌውን ፍቱ

ቁልፉን አጥፍታችሁ አውጡ። የሞተሩን ሽፋን አንሱ። ኢንተርኩለሩ ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ ከሆነ ወይም የአየር ቱቦ መንገድ ከዘጋ ፍቱት፤ የተከፈቱትን አፎች ግን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። ተርቦው ውስጥ የገባች አንዲት ዳዶ ተርቦውን ታጠፋለች። ስንት ጨርቅ እንደደፈናችሁ ቁጠሩ፣ ስትመልሱም ቁጠሩ።

የኮይሉን ሶኬት ንቀሉ። በሙቀት የደረቀው የፕላስቲክ መቆለፊያ በቀላሉ ይሰበራል፤ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መቆለፊያውን ተጫኑ፣ ከዚያ ሳቡ። ሽቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ። የኮይሉን ቡሎን ፍቱ፣ ኮይሉን ግራና ቀኝ ትንሽ አዟዙሩት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። የትኛው ኮይል ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ጻፉበት። በኋላ ችግር ሲመጣ ይህቺ ማስታወሻ ሰዓታት ታተርፋለች።

አሁን ጉድጓዱን በባትሪ እዩ። ዘይት አለ? የቫልቭ ክዳኑ ጎማ አፍስሷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ዘይቱን በጨርቅ አድርቁት፣ ጎማውንም ለመቀየር አስቡ። ውሃ ካለም ይድረቅ። ከዚያ አየር ንፉበት፣ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ። ካንዴላው ከተፈታ በኋላ ሳይሆን ከመፈታቱ በፊት ነው የሚነፋው፤ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ግድግዳውን ይጭረዋል።

ሶኬቱን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ በዝግታ ፍቱ። መጀመሪያ ጠብቆ "ቋ" ብሎ ከለቀቀ በኋላ ቀለል ማለት አለበት። ለቅቆ እንደገና እየጠበቀ ከሄደ ቁሙ። ጥቂት ሰርጎ የሚገባ ዘይት ጥርሱ ላይ አድርጉ፣ ሩብ ዙር መልሳችሁ አጥብቁ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ደግሞ ፍቱ። ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ አውጡት። በረጅም ቧንቧ አትታገሉት።

አንዱን አውጥታችሁ አንዱን መተካት ይሻላል፤ ክፍት ጉድጓድ በበዛ ቁጥር የሚገባው ነገር ይበዛል።

6. አሮጌው የሚላችሁን ስሙ

የወጡትን በየሲሊንደር ቁጥራቸው ካርቶኑ ላይ ደርድሩ። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ደህና ብርሃን ላይ እዩዋቸው። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ሞተሩ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ይጥላል።

ሸክላው ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሰላም ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ወይ ነዳጁ በዝቷል ወይ ካንዴላው ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ ነው ወይ ብልጭታው ደክሟል። እርጥብና ዘይት የለበሰ ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፤ የፒስተን ቀለበት፣ የቫልቭ ሲል፣ ሁሉም ላይ እኩል ከታየ ደግሞ ተርቦው ራሱ ይጠረጠራል። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ዝገት መሳይ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከኦክታን መጨመሪያ የሚመጣ የብረትነት ባሕርይ ያለው ቅሪት ነው፤ ሲወፍር ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሚስ ያስደርጋል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሸክላው ነጭ ሆኖ ካብረቀረቀ ወይም አረፋ መሳይ ነገር ካወጣ፣ ጫፉ ከቀለጠ፣ ሸክላው ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ወይም የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ካሉ፣ ሸክላው ከተሰነጠቀ፣ ሞተሩ ኖክ እያደረገ (ድብልቁ ያለጊዜው እየፈነዳ) ወይም ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። የሚያብረቀርቁት ነጥቦች ከፒስተኑ የተነሳ አሉሚኒየም ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያየ ሰው አዲስ ካንዴላ አስገብቶ ወደ ሙሉ ቡስት አይመለስም። ቡስቱ ይውረድ፣ የነዳጅ ልኩና የማቀጣጠያ ጊዜው ይታይ፣ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ።

የሙቀት ደረጃው ልክ መሆኑን ለማየት የጎኑን ኤሌክትሮድ እዩ። ከጫፉ ጀምሮ ቀለሙ የተለወጠበት መስመር እጥፋቱ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ጥርሱ በጣም ከወረደ ካንዴላው ግሏል፣ ጫፉ ጋ ብቻ ከቀረ ቀዝቃዛ ነው። ከአንዱ ምልክት ብቻ ተነስታችሁ ግን አትወስኑ።

አንድ ማረጋጊያ፦ ከውጭ በኩል፣ ሸክላው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚታየው ቡናማ ቀለበት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ጋዝ የሾለከ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ከከፍተኛ ቮልቴጅ የሚመጣ እድፍ ነው፣ ጉዳት የለውም። ሸክላው ላይ ከላይ ወደታች የሚሄድ ጥቁር መስመር ካለ ግን ብልጭታው በጎን ሾልኳል። የኮይሉን ጎማም አብራችሁ ቀይሩ፤ እድፉ እዚያም ተቀምጦ አዲሱን ካንዴላ ያበላሻል።

7. አዲሱን አስገቡ

ጥርሱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የማያጣብቅ ቅባት፣ አንቲ ሲዝ የሚባለውን፣ አትቀቡ። የዛሬዎቹ ካንዴላዎች ጥርሳቸው የተለበጠ ነው፤ ቅባቱ ሲጨመር ቶርክ ሬንቹ ያው ቁጥር እያሳየ ካንዴላው ከልኩ በላይ ይጠብቃል። ኤንጂኬም ይህንኑ ይከለክላል።

ካንዴላውን በጎማ ቱቦው ጫፍ ሰክታችሁ ጉድጓዱ ውስጥ በዝግታ አውርዱት። አትልቀቁት፤ ወድቆ ጫፉ ከመታ ክፍተቱ ይዘጋል። መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ትንሽ አዙሩ፤ ጥርሶቹ ሲገናኙ እጃችሁ ላይ ጠብ ሲል ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ማጥበቂያው። ቢያንስ ሦስት አራት ዙር በጣት ኃይል ብቻ መሄድ አለበት። ጎማ ቱቦ እዚህ ጋ ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል እንጂ አያስገድድም። በቁልፍ የጀመረ ሰው ግን ጥርሱ መበላሸቱን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው።

በእጅ እስከ መቀመጫው ከደረሰ በኋላ በቶርክ ሬንች አጥብቁ። ማኑዋሉ የሚለው ይቅደም። ከሌለ ለአሉሚኒየም ቴስታታ፦

14 ሚሊ ሜትር ጥርስ፣ ሮንዴላ ያለው፦ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር።
14 ሚሊ ሜትር፣ ሮንዴላ የሌለው፣ መቀመጫው ሾጣጣ፦ ከ10 እስከ 20።
12 ሚሊ ሜትር፣ ሮንዴላ ያለው፦ ከ15 እስከ 20።
10 ሚሊ ሜትር፣ ሮንዴላ ያለው፦ ከ10 እስከ 12።

ቶርክ ሬንች ከሌለ፣ 14 ሚሊ ሜትር አዲስ ሮንዴላ ያለውን በጣት ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር ብቻ። ያንኑ ካንዴላ ለክፍተት አውጥታችሁ ስትመልሱት ሮንዴላው ቀድሞ ስለተጨፈለቀ አንድ አስራ ሁለተኛ ዙር ይበቃዋል። ሾጣጣውን አንድ አስራ ስድስተኛ ዙር፣ ማለትም ነካ ማድረግ ብቻ። ላልቶ ይቅር ማለቴ ግን አይደለም፤ የላላ ካንዴላ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ስለማያስተላልፍ ቀዝቃዛ የገዛችሁት ሙቅ ሆኖ ይቀራል፣ ጋዝም ያሾልካል።

አንዳንድ ነዳጅን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች የጎኑ ኤሌክትሮድ ወደየት እንደሚዞር ይወስናሉ። የእናንተ ማኑዋል ስለዚህ የሚል ነገር ካለው በትክክል ተከተሉት።

የኮይሉ ጎማ ውስጠኛ ከንፈር ላይ ዳይኤሌክትሪክ ግሪስ በስሱ ቀቡ፣ ስፕሪንጉ ላይ ግን አታብዙ። ኮይሉን በየቦታው መልሱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑት፣ ቡሎኑን በቀላል እጅ አጥብቁ፣ ሶኬቱ "ጠቅ" ማለቱን ስሙ። የአየር ቱቦዎቹን ክላምፕ አንድ በአንድ አረጋግጡ። የደፈናችሁትን ጨርቅ ቁጠሩ።

8. ሞክሩ፣ ግን በቅደም ተከተል

አስነሱና በሚኒሞ ተዉት። እኩል መዞር አለበት። የጭስ ድምፁ ከቆራረጠ ወዲያው አጥፉ፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶ ሲነድ ኮንቨርተሩን ያቀልጠዋል።

ኮድ ማንበቢያ ሰኩ። ፒ0300 በዘፈቀደ ሚስ ማድረግ ነው፣ ፒ0301 አንደኛው ሲሊንደር፣ ፒ0302 ሁለተኛው፣ እያለ ይሄዳል። ምንም ከሌለ ሞተሩ እስኪሞቅ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ከዚያ ግማሽ ፔዳል፣ ከዚያ ሙሉ። ሙሉው ሙከራ በዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ወይም ለትራፊክ በተዘጋ ቦታ ይሁን። ቡስቱን፣ የአየርና ነዳጅ ልኩን፣ ኮምፒውተሩ በኖክ ምክንያት የቀነሰውን የማቀጣጠያ ጊዜ እየመዘገባችሁ። ሳይመዘገብ የተሞከረ ነገር ግምት ነው።

9. ሲበላሽ

*ሙሉ ቡስት ላይ ብቻ ይቆራርጣል።* ክፍተቱን በ0.05 ሚሊ ሜትር አጥብቡና እንደገና ሞክሩ። ከተሻለው ግን ካልጠፋ፣ ደግሞ በ0.05። 0.50 ደርሳችሁም ካልጠፋ ክፍተቱን ተዉት። ኮይሉ ደክሟል፣ ወይም የአየር ቱቦ እየሾለከ ነው፣ ወይም ነዳጅ አንሷል ወይም በጣም በዝቷል። ከክላምፕ የወጣ የኢንተርኩለር ቱቦ ልክ እንደ ደከመ ብልጭታ ነው የሚሰማው፤ መጀመሪያ እሱን እዩ፣ ምንም አያስወጣም።

*አንድ ሲሊንደር ብቻ ኮድ ይሰጣል።* የዚያን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ቀያይሩ። ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይሉ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ካንዴላዎቹን ቀያይሩ። አሁንም እዚያው ከሆነ የነዳጅ መርጫውን ወይም የሲሊንደሩን ግፊት ፈትሹ። ሁለቱን በአንዴ አታቀያይሩ፤ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

*ሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት ይለግማል።* ክፍተቱ ጠቧል ወይም ካንዴላው በጣም ቀዝቅዟል። ክፍተቱን በ0.05 አስፉ። ጥላሸቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ሙቅ ውሰዱ፣ ግን ቲዩን ያደረገውን ሰው ሳታማክሩ አይሆንም።

*ካንዴላው በጣት አልዞር አለ።* አውጡት። ጥርሱን እዩ። ወደ መፍቻው አዙራችሁ ጠብ የሚለውን ፈልጉና እንደገና ጀምሩ። አሁንም ካልሄደ ትክክለኛው የጥርስ ማጽጃ መሣሪያ ግሪስ ተቀብቶ ይግባ፤ ፍርፋሪው ግሪሱ ላይ ይያዛል። ጥርሱ ከተበላ የብረት ጥርስ ማስገባት የባለሙያ ሥራ ነው።

*የሆነ ነገር ሲሊንደር ውስጥ ወደቀ።* ሞተሩን አታስነሱ፣ በቁልፍም አታዙሩ። በቀጭን ካሜራ እዩ፣ ብረት ከሆነ በማግኔት፣ ሸክላ ከሆነ በቀጭን የመምጠጫ ቱቦ አውጡ። እስኪወጣ ድረስ መኪናው ይቁም።

10. መቼ ይቀየራል?

ካርቶኑ ላይ ያለው 100,000 ኪሎ ሜትር ቲዩን ላልተደረገ መኪና ነው። ብልጭታው ጫፉን በየቀኑ ይበላዋል፣ ክፍተቱም እየሰፋ ይሄዳል። በ0.60 ያስገባችሁት ከወራት በኋላ 0.70 ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ "ድንገት መቆራረጥ ጀመረ" የሚባለው አብዛኛው ችግር ይሄው ነው።

መዳቡን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ አካባቢ አውጥታችሁ ለኩ፣ ያለቀውን ቀይሩ። ኢሪዲየሙን በየ20,000 እዩት፤ ከ40,000 በላይ ማቆየት ግን አልመክርም። ቡስት በተጨመረ ቁጥር፣ የነዳጅ ዓይነት በተቀየረ ቁጥርም ካንዴላው ወጥቶ ይታይ። የቀየራችሁበትን ኪሎ ሜትር፣ የካንዴላውን ቁጥርና ክፍተቱን በወረቀት ጽፋችሁ የሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥፉት።